የሦስተኛው ትውልድ አይጦች

መተኛት አለብኝ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ሆኗል፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ስሠራ አድሬ ነው የገባሁት፣ መስኮቱ ላይ ጥቁር ፕላስቲክ ለጥፌአለሁ፣ ስልኩን ትራሱ ሥር ከትቻለሁ፣ ግን ፎቶው እዚያ ውስጥ እንዳለ እያወቅሁ እንቅልፍ ከየት ይመጣል። ሞርስ ሮድ ላይ መኪኖቹ የቀለጠውን በረዶ እየረገጡ ሽው ሽው ይላሉ፣ ፎቅ ላይ ያለችው ሴትዮ ልጇን ትጠራለች፣ ልጁ አይመጣም፣ ደግማ ትጠራዋለች። ስምንት ሰዓት ላይ የዙም ስብሰባ አለን፣ ፕሮፌሰሯ፣ ሶልያና እና እኔ፣ የጥናቱ ጽሑፍ ወደ ሳይንስ መጽሔቱ ከመላኩ በፊት የመጨረሻው ስብሰባ ነው። ፕሮፌሰሯ እንደ ልማዷ ሁላችንንም በየተራ ትጠይቃለች፣ ሶልያና ኦኬ ትላለች፣ እኔም ኦኬ እላለሁ፣ አለቀ። ሁለት ፊደል ናት። ሦስት ሰዓት ይቀረኛል። ስመኝ፣ ወይ ተኚ ወይ ተነሽ፣ ከሁለቱ አንዱን አድርጊ።

ሥራዬ አይጥ መጠበቅ ነው። እንዲህ ብዬ ስናገር ቸርች ያሉት ሴቶች ይስቃሉ፣ ሲስቁ ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ፖላሪስ የገበያ ማዕከል ያለ ልብስ ቤት ውስጥ ሰው የፈታውን ሸሚዝ ሳጥፍ ሦስት ዓመት ኖርኩ፣ ከዚያ በእንስሳት ጤና ዲፕሎማዬ እዚህ ላብራቶሪ ገባሁ፣ ኮቪድ ሲመጣ ሰው እንዳይጨናነቅ ወደ ሌሊት ሺፍት አዞሩኝ፣ እዚያው ቀረሁ። አበላቸዋለሁ፣ አጠጣቸዋለሁ፣ ሳጥናቸውን እለውጣለሁ፣ ማን ከማን እንደተወለደ እጽፋለሁ። ጥናቱ የሶልያና ነው፣ የዶክትሬት ሥራዋ። ሶልያና እዚሁ ኦሃዮ፣ ኮለምበስ የተወለደች የአበሻ ልጅ ናት፣ እትዬ ስመኝ ትለኛለች፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። አንድ ወንድ አይጥ ለሳምንታት እንዲጨነቅ ይደረጋል። ከዚያ ከዘር ፈሳሹ ውስጥ ትንንሾቹ አር ኤን ኤዎች ተለይተው ይወጣሉ። ዲ ኤን ኤው አይነካም፣ ፊደሉ እንዳለ ነው፤ አር ኤን ኤው ግን የትኛው ፊደል ይነበብ የትኛው ይታለፍ የሚል ትእዛዝ ይዞ የሚሄድ ነው። ያ አር ኤን ኤ ብቻ፣ ምንም መከራ ካላዩ አባትና እናት በተፀነሰ እንቁላል ውስጥ በቀጭን መርፌ ይገባል። የሚወለደው አይጥ የተጨነቀውን ወንድ አያውቀውም፣ ሽታውን እንኳ አያውቅም፣ ግን ግማሹ ብርሃን ግማሹ ጨለማ የሆነ ሳጥን ውስጥ ሲያስቀምጡት ጨለማው ጥግ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሽንት ቤት ገብቼ በር ዘግቼ ተቀመጥኩ። ጥግ ላይ የተለጠፈው እኔ ነኝ።

አባባ የታሰረው በ1971 ነው፣ በአቆጣጠራችን። ይርጋለም ሆስፒታል ድሬሰር ነበር፣ ጴንጤ ነበር፣ ቀበሌው እጅህን አንስተህ መፈክር አሰማ ሲለው አላሰማም አለ፣ አራት ዓመት ተቀመጠ። እህቴ ዘውዴ ሲታሰር የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። እኔ የተወለድኩት በተፈታ በዓመቱ ነው። አንድ አባት፣ አንዲት እናት፣ አንድ ቤት፣ መሃላችን እስር ቤት። ዘውዴ ነጎድጓድ ሲጮህ ትተኛለች፣ ሰው በሩን ሲያንኳኳ ማነው ብላ ትከፍታለች። እኔ በሩ ሳይንኳኳ ነው የምነቃው። ልጅ ሆኜ እናቴ ይህቺ ልጅ ምን አይታ ነው እንዲህ የምትበረግገው ትል ነበር፣ ምንም አላየሁም፣ ማንም ክፉ አላደረገብኝም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የአባባ እስር የታወቀ ምስክርነት ነው፣ በየዓመቱ ወንድም ጀማነህ እጁን ያላነሳው ይባላል፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፣ ትሕትና ነው ይባላል። ቤት ውስጥ ግን ስለዚያ አይወራም፣ ጫማውን ሳያወልቅ የሚተኛበትን ምክንያት ማንም አይጠይቅም። እና እኔ ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ላይ፣ ኦሃዮ፣ አይጥ ሳጥን ፊት ቆሜ፣ ለምን እንደዚህ እንደሆንኩ አገኘሁት። ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ስታገኘው ለሰው መንገር ትፈልጋለህ።

ነገርኩት። ያኔ ነው ጥፋቴ፣ ለአባባ የነገርኩት ቀን፣ የሳጥኖቹን ካርድ ከማሳሳቴም የባሰው ጥፋቴ። ባለፈው ጥቅምት ነው፣ ዘውዴ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጋለት ወደ ጓዳ ገብታለች፣ ድመቷ ከኋላ ትጮሃለች፣ እኔ ከሥራ ገብቼ ሻይ እየጠጣሁ ነው፣ ደስ ብሎኛል፣ ሦስተኛው ትውልድ ላይ የተገኘውን ሪዙልት ፕሮፌሰሯ በኬክ አክብራዋለች።

«አባባ፣ ሥራዬ ምን እንደሆነ ልንገርህ?»

«ንገሪኝ እስቲ፣ አይጥ ነው አልሽ እንጂ ሌላ አላልሽም።»

ነገርኩት። እንደ አስተማሪ ቀስ ብዬ፣ ሰውዬው ድሬሰር ነበርና ይገባዋል እያልኩ። ጭንቀት ከአባት ወደ ልጅ ያልፋል አልኩት፣ በደም አይደለም፣ በወሬም አይደለም፣ በዘሩ ውስጥ ባለ ትንሽ ነገር፣ እስከ ልጅ ልጅ ልጅ ድረስ ያልፋል አልኩት። ከዚያ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እየሳቅሁ፣ «የኔ አለመተኛት ካንተ ነው ማለት ነው» አልኩት።

የድመቷ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከዚያ «እንዲያ ነው?» አለ፣ «ደህና ዋይ» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ስልክ አያነሳም። ስደውል ተኝቷል ትለኛለች ዘውዴ፣ ስደውል ወጥቷል፣ ስደውል ራሱን አሞታል። ታኅሣሥ ላይ መረራት።

«አልወጣም፣ አልታመመም፣ አጠገቤ ነው። ላናግራት አልችልም ይላል። ምንድነው ያልሽው? ልጄን እኔ ነኝ ያበላሸኋት እያለ ነው።»

«እንደሱ አላልኩም።»

«አንቺ ምን እንዳልሽ አላውቅም፣ እሱ የሰማው ይህን ነው።»

ፎቶውን ያገኘሁት በዚያው ሰሞን ነው። የአባባን ፎቶ ፈልጌ ስልኬን ወደኋላ ስገፋ ስገፋ መጋቢት 2020 ላይ ደረስኩ። ያን ሳምንት አልረሳውም። ዩኒቨርሲቲው ሁሉ ሲዘጋ ከአራት መቶ ሳጥን አሥራ ሁለት ብቻ አስቀሪ ተባልኩ፣ ሌላው በጋዝ ይገደል። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አር ኤን ኤ የገባባቸው ልጆች ሳጥናቸው ላይ ሮዝ ካርድ አለ፣ ግራ ጆሯቸው ላይ ቀዳዳ አለ። ውሃ ብቻ የገባባቸው፣ ለማነጻጸሪያ የተያዙት፣ ነጭ ካርድና ቀኝ ጆሮ ናቸው። ስድስት ሮዝ፣ ስድስት ነጭ አስቀረሁ። ወደ ንጹሕ ሳጥን እያዛወርኳቸው፣ ካርዶቹን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጥኩ፣ ዘውዴ ደወለች፣ አባባን ትኩሳት ይዞታል አለች፣ ያኔ ትኩሳት ማለት ሞት ነበር። ስልኩን ትከሻዬና ጆሮዬ መሃል ይዤ ካርዶቹን መልሼ ሰካሁ። ከዚያ፣ የገደልኳቸውን ላለማሰብ መሰለኝ፣ የተረፉትን ፎቶ አንስቼ ላክሁላት፣ «እነዚህ ተርፈዋል» ብዬ። አባባም ተረፈ። አይጦቹም ወለዱ፣ ልጆቻቸውም ወለዱ። ፎቶውን ሁለት ዓመት ያህል አላየሁትም። ያን ቀን በሁለት ጣቴ አጎላሁት። ሮዝ ካርድ። ውስጡ ያለው አይጥ ወደ ካሜራው ዞሯል። ቀዳዳው ቀኝ ጆሮው ላይ ነው። አጠገቡ ነጭ ካርድ ያለበት ሳጥን፣ ግራ ጆሮ።

ሁለት ሳምንት ተሸክሜው ዞርኩ። ማንም አያውቅም። አይጦቹ ሞተዋል፣ ሪከርዱን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ ፎቶው የኔ ስልክ ላይ ነው። ሶልያና ሚያዝያ ላይ ዲፌንስ አላት፣ የዶክትሬት ጥናቷን ፈታኞች ፊት የምታቀርብበት፣ እናቷ ለድግሱ አዳራሽ ይዛለች፣ ከሲያትል ዘመድ ይመጣል። ሁለት ሳጥን ከአሥራ ሁለት ምን ያመጣል እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ከነዚያ ሁለት ሳጥኖች ስንት እንደተወለዱ አስታውሳለሁ፣ ሁለቱ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ የወለዱ ነበሩ። እውነቱን ልናገር፣ እዚህ ማንም የለም፤ ፈርቼ ብቻ አይደለም ዝም ያልኩት። እንዲሆንልኝ ፈልጌ ነው። ያ ሪዙልት የኔ ነበር። ለምን እንደማልተኛ የነገረኝ እሱ ብቻ ነበር። በዚያ ላይ አንድ ሽማግሌ ሰው ስልክ ማንሳት ትቷል፣ በኔ ቃል የተነሳ፣ በተሳሳተ ካርድ የተነሳ። ይኼ አይቀጥልም። ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ ሶልያናን ኮል አደረግኳት።

«እትዬ ስመኝ! ለምን አልተኛሽም? ኧርሊ ነው ላንቺ።»

«ሶሊ፣ ተቀምጠሻል?»

«ድራይቭ እያደረግሁ ነው። ዋትስ ሮንግ?»

«አቁሚው። ጥግ ያዢና አቁሚው።»

ጠቋሚው መብራት ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ከዚያ ነገርኳት፣ አልዞርኩም፣ ይቅርታ ብዬም አልጀመርኩም፣ መጋቢት 2020፣ ሁለት ካርድ ቀያየርኩ፣ ፎቶ አለኝ፣ ልኬልሻለሁ። ፎቶውን ስታየው ትንፋሿ ተሰማኝ።

«አር ዩ ሹር?»

«ጆሮውን እይ።»

«ኦ ማይ ጋድ።» ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ፣ እንደ ልጅ። «ሌላ ሰው ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ሶ... ካልነገርሽ...»

አልጨረሰችውም። እኔም አልመለስኩላትም፣ ምክንያቱም ይህንኑ ነገር ሁለት ሳምንት ሙሉ ራሴን ጠይቄዋለሁ፣ እሷ ገና አንድ ደቂቃዋ ነው፣ አንድ ደቂቃ ይገባታል።

«ስምንት ሰዓት ላይ እኔ እናገራለሁ» አልኳት፣ «አንቺ ምንም ማለት የለብሽም። ከሰው መሃል እንዳትሰሚው ብዬ ነው የደወልኩት።»

«ዩ ሩይንድ ኢት» አለችኝ፣ እያለቀሰች። ስልኩን ዘጋች። እውነቷን ነው፣ አበላሽቼባታለሁ።

ስብሰባው ላይ ካሜራዬን ከፈትኩ፣ ሁልጊዜ ዘግቼው ነበር። ፕሮፌሰሯ መነጽሯን አወለቀች፣ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየችው፣ አልጮኸችም፣ ብትጮህ ይሻል ነበር። ሶልያና ሌላ ወገን እያየች ተቀምጣለች። ፕሮፌሰሯ የጅራት ናሙናዎቹ አሉ ወይ አለች። አሉ። ከእያንዳንዱ አይጥ ከጅራቱ ጫፍ ትንሽ ቆርጠን በረዶ ውስጥ እናስቀምጣለን፣ ሁለቱ ወገኖች ከተለያዩ ወላጆች ስለመጡ ዲ ኤን ኤው ይለያቸዋል። እኔ አወጣቸዋለሁ አልኩ። አንቺ አይደለሽም፣ ሌላ ሰው ያወጣቸዋል አለች። ይህ ወጋኝ፣ ግን ትክክል ነው። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፣ ፈረምኩ። ለሦስት ወር ብቻዬን ካርድ እንዳልነካ ተከለከልኩ። ጽሑፉ አልተላከም። ዲፌንሱ ወደ ታኅሣሥ ዞረ፣ የሶልያና እናት አዳራሹን ሰረዘች፣ ቸርች ስታገኘኝ ሰላም ብላኝ እጇን በፍጥነት ሳበች።

ውጤቱ ሃያ ቀን ፈጀ። ሃያ ቀን ሙሉ ሌሊት እሠራለሁ፣ ጠዋት እገባለሁ፣ እተኛለሁ፣ አልተኛም፣ ሥራ አልቀርም። ያሰናብቱኛል ብዬ አስቤ ነበር፣ አላሰናበቱኝም፣ ከመሄድ ይልቅ በየቀኑ መግባት ከብዶኝ ነበር ግን ገባሁ። በሃያ አንደኛው ቀን፣ ልወጣ ስል፣ ሶልያና ጓንት ሳታደርግ በሩ ላይ ቆማ አየኋት፣ ሁለት ወረቀት ይዛለች። ካወራችኝ ወር ሊሆን ነው።

«የመጀመሪያዎቹ ልጆች ኢዝ ስቲል ሪል» አለችኝ፣ «ከካርዱ በፊት ነው ቴስት ያደረግኳቸው። እነሱ ይፈራሉ። ኢት ሆልድስ፣ አልፈረሰም።»

«የልጅ ልጆቹስ?»

«የተቀላቀሉትን ስናወጣ ትንሽ ነው የቀረው። ሜይቢ።» ሁለተኛውን ወረቀት አሳየችኝ፣ ግራፉ ላይ ሁለቱ መስመሮች ተደራርበው አንድ ሆነዋል። «ሦስተኛው ትውልድ፣ ነቲንግ። ልክ እንደ ማነጻጸሪያዎቹ ናቸው። ብርሃኑ ላይ ይጫወታሉ።»

ወረቀቱን ይዤ ቆምኩ። ሶልያና ዓይኗ ስር ጠቁሯል። «አይ ወዝ ሶ ማድ» አለች፣ ከዚያ በአማርኛ፣ ቃሉን ፈልጋ፣ «ተናድጄ ነበር። አሁንም ትንሽ።» «ተናደጂ» አልኳት። «ግን ቢታተም ኖሮ ሌላ ሰው ይደግመው ነበር፣ አይሠራለትም ነበር፣ ስሜ...» አለችና ተወችው። ወረቀቱን መልሼ ልሰጣት ስል ያዢው አለችኝ።

ያን ቀን ሳልተኛ ደወልኩ። ዘውዴን ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊለት አልኳት፣ መልስ አልፈልግም፣ ይስማኝ ብቻ። የአባባን ትንፋሽ አውቀዋለሁ።

«አባባ፣ ተሳስቼ ነበር። ሁለት ዓይነት ስሕተት ነው የሠራሁት። አንደኛው የካርድ ነው።» ስለ ጆሮው፣ ስለ ሮዙና ስለ ነጩ ነገርኩት፣ ስለ ማስጠንቀቂያውም። «እስከ ልጅ ልጅ ልጅ ያልፋል ያልኩህ ልክ አይደለም፣ እዚያ ድረስ አልደረሰም። ሁለተኛው ደግሞ አንተን አይጥ አደረግሁህ። በሰው ላይ እንዲህ ነው ብሎ የሚምል የለም። ገና አይታወቅም። እኔ ምክንያት ስለፈለግሁ ነው የተናገርኩት።»

«ልጆቹስ?» አለ። አራት ወር ያልሰማሁት ድምፅ ነው። «ልጆቹ ላይ ምን ተገኘ?»

መዋሸት እችል ነበር። ደግ ውሸት ነበር።

«ልጆቹ ላይ አለ፣ አባባ። ያኛው ውጤት አልፈረሰም።»

«እውነቱን ነገርሽኝ» አለ። «አለቆችሽ ሳይጠይቁሽ ነው የተናገርሽው?»

«ሳይጠይቁኝ።»

ለዘውዴ ውጪ ወጥተሽ ጠብቂኝ ሲላት ሰማሁ። በር ተዘጋ። ከዚያ አባቴ፣ የሰባ ስድስት ዓመት ሰው፣ በአራተኛው ዓመት፣ በፋሲካ ሰሞን፣ ሦስት ሆነው ቀበሌው አዳራሽ እንደተወሰዱ ነገረኝ። ሁለቱ አላነሱም። እሱ አነሳ። ግራ እጁን አነሳ፣ መፈክሩንም አሰማ፣ ደግመህ በል አሉት፣ ደገመ። በሳምንቱ ለቀቁት። ሁለቱ ሌላ ሁለት ዓመት ተቀመጡ፣ ከዚያም ኬንያ ገቡ፣ እዚያው ሞቱ። ከተማው እንዴት ተፈታህ ብሎ አልጠየቀውም፣ ጸሎታችን ተመለሰ ብሎ ተቀበለው።

«በየዓመቱ እናገራለሁ እላለሁ» አለ። «በየዓመቱ ይብሳል። ፍርሃት ያስተላለፍኩብሽ መስሎሻል። እኔ ደግሞ ስትነግሪኝ ያን ውሸት ነው ያወረስኳት አልኩ።» ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ሰማሁ። «ሌላም አለ። ባላነሳ ኖሮ አንቺ አልነበርሽም። ስትወለጂ ሲሰጡኝ፣ ስታቀፍሽ፣ ማፈርና ደስታ አንድ ላይ መጡብኝ፣ አንዱን ከአንዱ ለይቼ አላውቅም።»

«አባባ፣ እኔ በመኖሬ ደስ ይለኛል» አልኩት። ሳቀ ወይም አለቀሰ፣ በስልክ አይለይም።

«እሑድ እቆማለሁ» አለ።

«የግድ አይደለም።»

«አንቺ ቆመሻል አይደል?»

እሑድ ጠዋት ነው፣ እዚህ አንድ ሰዓት፣ እዚያ ከሰዓት በኋላ። ዘውዴ ደወለች፣ ተቆጥታለች፣ አንቺ ነሽ ይህን ያመጣሽው አለችኝ፣ ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። የምስክርነቱ ሰዓት ሲደርስ አባባ ሳይጠራ ወደ ፊት ወጣ። የሁለቱን ሰዎች ስም ጠርቶ፣ እጃቸውን ያላነሱት እነሱ ናቸው፣ እኔ አነሳሁ አለ። አንዲት ሴት ተነስታ ወጣች፣ የአንደኛው ሟች እህት ናት። መጋቢው ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ዝማሬ አስጀመረ። አባባ ዝማሬው እስኪያልቅ ቆሞ ቆየ፣ ከዚያ ወርዶ ቦታው ተቀመጠ። ሲወጡ ብዙ ሰው ሰላም አላለውም። ያቺ ሴት ግን በሩ ላይ ጠብቃው ነበር። ወንድሜ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው ቀን ምን አለ አለችው፣ አርባ ዓመት የሚነግራት አጥታ። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አንድ ሰዓት አወሩ።

«አሁን የት ነው?»

«ምሳ በላ። አስጨመረ። አሁን ተኝቷል፣ ገና በቀኑ፣ በሩም አልተዘጋም» አለች ዘውዴ፣ ቁጣዋ ሳትፈልግ እየለቀቃት። «አንቺስ፣ እንቅልፍ ይወስድሻል?»

«አንዳንዴ» አልኳት። እውነቱ እሱ ነው፣ አንዳንዴ። ማክሰኞ ስልሳ አዲስ አይጥ ይገባል፣ ሶልያና ከመጀመሪያው ልትጀምረው ነው፣ እስከ ታኅሣሥ ሁለት ትውልድ ይደርሳል፣ ሦስተኛው ባይደርስም ሌላ ሰው ይቀጥለዋል። ካርዶቹን እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ ታነባለች፣ ሁለታችንም እንፈርማለን።